እርድ የነቀርሳን ሴል ይገድላል፤ ሰውን ግን ለምን አያድንም?

በዚህ እትም ስለ እርድ እንማማራለን። ርዕሱን የመረጣችሁት እናንተው ናችሁ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ አርብ አርብ ስንገናኝ ከምግብ በኋላ የሚነሣው ወሬ ይኸው ነው፤ «እርድ ካንሰር ይገድላል፣ በሳይንስ ተረጋግጧል»። አንዷ ከማር ጋር ለውሳ በባዶ ሆዷ ትወስዳለች። ሌላዋ ከአጣር ሱቅ በጠርሙስ የታሸገ ቢጫ እንክብል ገዝታ ግማሹን ለእናቷ አገር ቤት ልካለች። ይህ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ከመሀከላችን አንዲት እህት ጡቷ ውስጥ እብጠት ካገኘች አራተኛ ወሯን ይዛለች፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ስትባል «እርዱን ልጨርስና» ትላለች። ስሟን አልጠራም። ስታነበው ራሷን ታውቃለች፤ እንደማትቀየመኝም አምናለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እስከ 12ኛ ክፍል ተምሬ ነው ባሕር የተሻገርኩት፤ ባዮሎጂ ግን እወድ ነበር። የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ፋርማሲ ትማራለች፤ ማታ ሥራ ሲያልቅ ከመጽሐፎቿ እያሳየችኝ፣ ያልገባኝን እየፈታችልኝ ብዙ ነገር አውቄያለሁ። ያንን በእኛ ቋንቋና በወጥ ቤታችን ምሳሌ አድርጌ አቀርባለሁ። ረዘም ይላልና ታገሡኝ፤ «ይገድላል» ወይም «አይገድልም» ብሎ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም።

እርድ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

እርድ የምንለውን የመናውያን «ሁርድ» ይሉታል፤ በመጽሐፍ ላይ «ኩርኩም» ተብሎ ይጻፋል። የእኛ እርድና የእነርሱ ሁርድ መመሳሰላቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ባሕሩ ጠባብ ነው እኮ። እኛ አገር ቴፒና ሚዛን አካባቢ ይበቅላል፤ ሥሩ ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆ ነው የሚፈጨው። ለአልጫ፣ ለድንች ወጥ፣ ቅቤ ለማንጠር እንጠቀምበታለን። እዚህ ደግሞ ሀዋይጅ ውስጥ ከከሙንና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ይገባል፤ ሴቶቹም ፊታቸውን ይቀቡበታል።

ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ኩርኩሚን ይባላል። ከእርድ ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1815 ሲሆን ኬሚካላዊ ቅርጹ የታወቀው በ1910 ነው። በደረቅ የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው መጠን እንደ ዘሩና እንደ መሬቱ ይለያያል፤ በአብዛኛው ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ገደማ ነው። የቀረው ስታርች፣ ጭረት፣ ዘይትና ውሃ ነው።

የኩርኩሚንን ጠባይ ከማንም ፕሮፌሰር በላይ የምናውቀው እኛ ነን። ውሃ ላይ ብትበትኑት አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጣል፤ ዘይት ወይም ቅቤ ሲያገኝ ግን ወዲያው ቀለሙን ይለቃል። ማዳም ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ጠብ ካለ በሳሙና ስታሹት ቢጫው ወደ ቀይ ይዞራል፤ ያኔ ልባችሁ ቀጥ ይላል። ከዚያ ሰገነት ላይ ፀሐይ ስታሰጡት እየደበዘዘ ይጠፋል። ሦስቱም ኬሚስትሪ ናቸው። ኩርኩሚን ውሃ አይወድም፣ ስብ ይወዳል። ሳሙና ያለበት ነገር ይለውጠዋል። ብርሃን ያፈርሰዋል። ይህን ያዙልኝ፤ ጠባዩ የሚቀያየርና በቀላሉ የሚፈርስ መሆኑ በኋላ ይመጣል።

ሴል እንዴት ይሞታል?

ሰውነታችን የተሠራው ዓይን ከማያያቸው ሴሎች ነው። ሴል በሁለት መንገድ ይሞታል። አንደኛው በአደጋ ነው፤ እሳት ሲያቃጥለን ወይም ደም ሲቋረጥበት። ያን ጊዜ ሴሉ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ጎረቤቶቹ ላይ ይፈስሳል። የመጸዳጃ ቱቦ ሲፈነዳ ቤቱ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው። ሁለተኛው ግን በሥርዓት ነው። ቤት ለቆ እንደሚሄድ ጨዋ ተከራይ ሴሉ ዕቃውን ይቆራርጣል፣ በትንንሽ ከረጢት ይቋጥራል፣ ጎረቤት ሴሎችም ከረጢቱን ወስደው ይበሉታል። ሽታ የለም፣ ቁስል የለም። እ.ኤ.አ. በ1972 ጆን ኬር፣ አንድሩ ዋይሊና አላስተር ከሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች ለዚህ አሟሟት አፖፕቶሲስ የሚል ስም አወጡለት። ቃሉ የግሪክ ነው፤ ቅጠል ከዛፍ ሲረግፍ ማለት ነው።

ይህ አሟሟት በሽታ አይደለም። በእናታችን ማሕፀን ሳለን ጣቶቻችን እንደ ዳክዬ እግር በቆዳ የተያያዙ ነበሩ፤ በመሀል ያሉት ሴሎች በሥርዓት ስለሞቱ ነው ጣት ያወጣነው። አንዲት በአፈር ውስጥ የምትኖር ትንሽ ትል አለች፤ ስታድግ 1,090 ሴሎች ይፈጠራሉ፣ ከነዚያ 131 ሁልጊዜ በቀጠሯቸው ይሞታሉ። ይህን ቆጥረው የደረሱበት ሲድኒ ብሬነር፣ ሮበርት ሆርቪትዝና ጆን ሰልስተን እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። አንድ ትል ውስጥ የሚሞት ሴል መቁጠር ለሽልማት ያበቃል ብሎ ማን ያስባል!

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሴሉ ውስጥ ኃይል የሚያመነጭ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ክፍል አለ፤ የቤቱ ጄኔሬተር በሉት። በሩ ላይ ቢ-ሲ-ኤል 2 የሚባል ፕሮቲን እንደ ዘበኛ ቆሞአል። ባክስ የሚባል ሌላ ፕሮቲን ደግሞ በሩን መክፈት ይፈልጋል። ሴሉ የማይጠገን ጉዳት ሲደርስበት ባክስ ያሸንፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ነገር ከውስጥ ይወጣል። እርሱ ሲወጣ ካስፔስ የሚባሉት መቀሶች ይነቃሉ፤ እነርሱ ናቸው ሴሉን የሚቆራርጡት።

ነቀርሳ ማለት እንግዲህ ጊዜው ደርሶ ቤቱን አልለቅም ያለ ሴል ነው። መባዛቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ መሞት ሲገባው አለመሞቱም ነው።

እርድ በላቦራቶሪ

ተመራማሪዎች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ከታማሚ የተወሰደ የነቀርሳ ሴል በትንሽ ሳህን ውስጥ እየመገቡ ያራቡታል። ከዚያ ንጹሕ ኩርኩሚን ያፈሱበታል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብዙዎቹ ሴሎች ይኮማተራሉ፣ ይቆራረጣሉ፣ ይሞታሉ። ይህ ውሸት አይደለም። በጡት፣ በአንጀት፣ በደም ነቀርሳ ሴሎች ላይ በብዙ አገር ታይቷል።

አገዳደሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ሴሉ ውስጥ ኤን-ኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ሲበራ «አትሙት፣ ተባዛ» የሚሉ ፕሮቲኖች ይሠራሉ። በብዙ የነቀርሳ ሴል ውስጥ ይህ መብራት ቀን ከሌት እንደበራ ነው። ኩርኩሚን ያጠፋዋል። ዘበኛውን ቢ-ሲ-ኤል 2ን ይቀንሳል፣ በር ከፋቹን ባክስን ያበዛል፤ በሴሉ ውስጥም እንደ እሳት የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ቅንጣቶችን ያስነሣል። ከዚያ የነገርኳችሁ መንገድ ይከተላል፤ በር ይከፈታል፣ መቀሶቹ ይነቃሉ።

«በሳይንስ ተረጋግጧል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ወሬው እዚህ ላይ ያቆማል፤ ሳይንሱ ግን ይቀጥላል።

ሴሉ ዝም ብሎ አይሞትም

በሳህኑ ውስጥ እንኳ ሁሉም ሴል አይሞትም። የነቀርሳ ሴል የሚከላከልበት ብዙ መላ አለው፤ እኔን ይበልጥ የገረመኝ ይህ ክፍል ነው።

አንዳንዱ ሴል ዘበኛውን ያበዛል። በበሩ ላይ አንድ ዘበኛ ሳይሆን አሥር ዘበኛ ካቆመ ባክስ ቢገፋ ቢገፋ በሩ አይከፈትም። አንዳንዱ መቀሶቹ ከነቁም በኋላ እጃቸውን የሚይዝ ፕሮቲን አለው፤ አንዱ ሰርቫይቪን ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ግሉታታዮን የሚባል ነገር በብዛት ያከማቻል። ኩርኩሚን የሚያስነሣውን እሳት ግሉታታዮን እንደ እርጥብ ስፖንጅ ያጠፋዋል። ጤነኛ ሴሎችም ከኩርኩሚን የሚተርፉት በከፊል በዚሁ ነው፤ ያው መከላከያ ነቀርሳው ሲኖረው ግን ለእኛ ክፉ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ኤች-ኤስ-ፒ 70 የሚባለው የሙቀት ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያን ውስጥ ፌሩቾ ሪቶሳ የሚባል ሳይንቲስት የዝንብ እጭ የሚያሳድግበት ሣጥን ሙቀት ከልክ በላይ ጨመረበት፤ እጮቹ ሴል ውስጥ በሙቀቱ ምክንያት አዲስ ሥራ መጀመሩን አየ። በኋላ እንደታወቀው ሴል ሲሞቀው ወይም ሲጨነቅ የተጣመሙትን ፕሮቲኖች የሚያቃኑ ረዳቶችን ይሠራል። መብራት በጠፋበት የዓደን ሐምሌ ሌሊት እኛም ሳይኖረን አይቀርም! እንግዲህ በሕንድ ኬረላ ግዛት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት አለ። የአንጀት ነቀርሳ ሴሎች ወስደው ይህን የሙቀት ፕሮቲን ሲያበዙባቸው ኩርኩሚን ሊገድላቸው አቃተው። ፕሮቲኑን ሲያስወግዱባቸው ደግሞ ያለ ችግር ሞቱ። ልብ በሉ፤ ሕንድ እርድ በየቀኑ የሚበላበት አገር ነው፣ እርድ እንዲወደስ የሚፈልግ ቢኖር እነርሱ ናቸው። ያገኙትን ግን እንዳለ ጻፉት። እንዲህ ያለ ሰው ደስ ይለኛል።

ሌላው መከላከያ ፓምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ የተገኘ ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፕሮቲን በሴሉ ቆዳ ላይ ተቀምጦ የገባውን መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋል። እዚህ ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ አስቡት። ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ሰዎች መጀመሪያ ተሽሏቸው በኋላ መድኃኒቱ አልሠራ የሚላቸው አንዱ ምክንያት ይህ ፓምፕ ነው። እዚህ ላይ ለእርድ ፍትሕ እናድርግ፤ በሳህን ውስጥ ኩርኩሚን ይህን ፓምፕ ሲያዳክም ታይቷል። ስለዚህ ለብቻው ባይሆንም ከሌላ መድኃኒት ጋር ይረዳ ይሆን ብለው የሚመራመሩ ሰዎች አሉ፤ ተስፋቸው ከንቱ አይደለም።

ደግሞም እብጠት ውስጥ ያሉት ሴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በረሮ ላይ መድኃኒት ስትረጩ ምን ይሆናል? አብዛኛው ይሞታል፤ የተረፉት ጥቂቶች ይራባሉ፣ ልጆቻቸውም ያንኑ መድኃኒት ይንቁታል። ነቀርሳም እንዲሁ ነው። ደካማ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ማግኘት የሚጠቅመው ጠንካራዎቹን ሴሎች ነው።

ከሳህን እስከ ሰውነት

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። ሳህን ውስጥ ኩርኩሚኑ በቀጥታ ሴሉ ላይ ይፈስሳል። እኛ ግን እንውጠዋለን። ውሃ አይወድም ብያችሁ ነበር፤ ስለዚህ አብዛኛው ከአንጀት ወደ ደም ሳይገባ በሰገራ ይወጣል። የገባውን ጥቂት ደግሞ የአንጀት ግድግዳና ጉበት ወዲያው ይለውጡትና ለማስወጣት ያዘጋጁታል። በሳሙና ቀለሙ እንደሚለወጥ ያያችሁት ጠባዩ እዚህም አለ፤ እንደ ደማችን ዓይነት ኬሚካላዊ ጠባይ ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ባንጋሎር፣ ሕንድ ውስጥ ለሰዎች 2 ግራም ኩርኩሚን አጠጥተው ደማቸውን ሲመረምሩ ከምንም የማይቆጠር አገኙ። ከቁንዶ በርበሬ የሚወጣ ፒፐሪን የሚባል ነገር 20 ሚሊ ግራም ጨምረው ሲሰጡ መጠኑ 20 እጥፍ ሆነ። ለዚህ ነው አንዳንድ እንክብሎች ላይ ቁንዶ በርበሬ የሚጨመረው። ነገር ግን ከምንም ያነሰ ነገር 20 እጥፍ ቢሆንም ገና ትንሽ ነው። በዚያ ላይ ፒፐሪን ይህን የሚያደርገው የጉበትን የማጽዳት ሥራ በማዘግየት ነው፤ የምትወስዱት ሌላ መድኃኒት ካለ እርሱም አብሮ ሊከማች ይችላል።

እስቲ አብረን እናስላ። በጥናት ለታማሚዎች ከተሰጡት ከፍተኛ መጠኖች አንዱ በቀን 8 ግራም ንጹሕ ኩርኩሚን ነው። ዱቄቱ ውስጥ ከመቶ 3 እጅ ቢኖር 8 ግራም ለማግኘት በቀን 267 ግራም፣ ማለትም ከሩብ ኪሎ በላይ እርድ መብላት አለባችሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ገደማ ነው፤ ውስጡ ያለው ኩርኩሚን 90 ሚሊ ግራም። ከማር ጋር የተለወሰችው ማንኪያ ይህችው ናት። ሩብ ኪሎ እርድ በቀን የሚበላ ሰው ደግሞ ከነቀርሳው በፊት በሆዱ ይሞታል፤ ይቅርታ፣ ቀልድ ነው።

ታድያ 8 ግራሙን የወሰዱ ሰዎች ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሂዩስተን የጣፊያ ነቀርሳ (ፓንክሪያስ ማለቴ ነው፤ ሆድ ውስጥ ከጨጓራ ጀርባ ያለው) ያለባቸው 25 ሰዎች ወሰዱት። ውጤታቸው ሊለካ ከቻለው 21 ሰዎች ውስጥ ለውጥ የታየባቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ከ18 ወር በላይ ሳይባባስበት ቆየ፤ የሌላው እብጠት በጣም ቀነሰ፣ ግን ለአጭር ጊዜ ነበር። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ኩርኩሚንም በሳህን ሴል ከሚገድለው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር።

ሌላ የማስተምርበት ምሳሌ አለኝ። አንጀታቸው ውስጥ በዘር ምክንያት ብዙ ትንንሽ እባጭ የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ካልታከሙ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2006 አምስት እንዲህ ያሉ ሰዎች ኩርኩሚን ኩዌርሰቲን ከሚባል ሌላ ነገር ጋር ለስድስት ወር ወስደው እባጮቹ ከግማሽ በላይ ቀነሱ። ዓለም ተደሰተ። ያንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በ44 ሰዎች ላይ በጥንቃቄ ደገሙት፤ ግማሾቹ በቀን 3 ግራም ኩርኩሚን፣ ግማሾቹ ባዶ እንክብል ለአንድ ዓመት ወሰዱ፣ ማን የቱን እንደወሰደ ሐኪሙም ታማሚውም አያውቅም። ልዩነት አልተገኘም። አምስት ሰውና ወሬ፣ አርባ አራት ሰውና ሚዛን የሚለያዩት እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኬሚስቶች ስለ ኩርኩሚን የተጻፈውን ሁሉ መርምረው አንድ ትልቅ ጽሑፍ አወጡ። ከ120 በላይ በሰው ላይ የተደረጉ ሙከራዎችን ቆጥረው፣ እንዲህ በባዶ እንክብል እየተመዛዘነ በተደረገ ጠንካራ ሙከራ በግልጽ የተሳካ አላገኘንም አሉ። አንዱ ምክንያት ኩርኩሚን መመርመሪያ መሣሪያዎችን ማታለሉ ነው፤ ራሱ ያበራል፣ ራሱ ይፈርሳል፣ ከብዙ ነገር ጋር ይጣበቃል፤ ያልሠራውን ሠርቷል ያስብላል። ስለ ኩርኩሚን ከታተሙ ታዋቂ ጽሑፎች መካከል በምስል ችግር ምክንያት መጽሔቶቹ ራሳቸው የሰረዟቸውም ጥቂት አይደሉም። ይህን እንክብል ሻጩ አይነግራችሁም።

ከአጣጥ የወጣው መድኃኒት

«እንግዲያው የተክል መድኃኒት ዋጋ የለውም ትያለሽ?» እንዳትሉኝ። የአገራችንን ነገር ልንገራችሁ። አጣጥን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያው ወገን ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ ቁጥቋጦ ሞሪስ ካፕቻን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የሚባል ነገር አወጡ። በተክሉ ውስጥ ያለው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ለሙከራ የሚበቃውን ያገኙት በኋላ በቶን የሚቆጠር የአጣጥ ዘመድ ከኬንያ ሰብስበው ነው።

ሜይታንሲን ከኩርኩሚን ጋር ተቃራኒ ነው። ኩርኩሚን ደክሞ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሜይታንሲን ግን እጅግ ኃይለኛ ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል የሚጎተትባቸውን ክሮች ያበላሻል፣ ሴሉም መከፈል ሲያቅተው በዚያው በአፖፕቶሲስ ይሞታል። ችግሩ ጤነኛውንም ነቀርሳውንም አይለይም። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለታማሚዎች ሲሰጥ ትውከቱ፣ ተቅማጡና የነርቭ ጉዳቱ ከጥቅሙ በለጠ፤ ተጣለ። አንዳንድ ሰው ግን አልተወውም። የጡት ነቀርሳን ሴል ፈልጎ ከሚጣበቅ ትራስቱዙማብ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አሰሩት፤ ለአደራ ሰጪ በአድራሻ እንደሚላክ ዕቃ ማለት ነው። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ብቻ ይፈታል። ይህ መድኃኒት ካድሳይላ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ኸር-2 የሚባል ምልክት ላለበት የጡት ነቀርሳ ይሰጣል። ከ1972 እስከ 2013፣ አርባ አንድ ዓመት። እርሱንም የሚቋቋሙ ሴሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በዚያው በነገርኳችሁ ፓምፕ እየተፉት።

አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ አጣጥ ቀቅሉ ብላችሁ ወደ አገር ቤት እንዳትልኩ። መርዝ ነው። እዚያ መድኃኒት ውስጥ ያለው መጠን በሐኪም በጥቂቱ የተለካ ነው።

ጉዳት አለው ወይ?

በወጥ ውስጥ ያለ እርድ ምንም አይላችሁም፤ ብሉ። የምፈራው በብዛት የሚወሰደውን እንክብል ነው። አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒት የሚመጣ የጉበት ጉዳትን የሚከታተሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጽሑፍ በእርድ እንክብል ምክንያት ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን ዘርዝረዋል፤ አምስቱ ሆስፒታል ገብተዋል፣ አንዱ ሞቷል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰውም መጠንቀቅ አለበት።

ለኬሞ ታማሚዎች ደግሞ ይህን በተለይ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት የጡት ነቀርሳ ሴሎች ላይ ኩርኩሚን ከኬሞ መድኃኒት ጋር ሲሰጥ ሴሎቹ ከመሞት ይልቅ ሲተርፉ አሳይቷል፤ ኩርኩሚን ከምግብ ጋር የተሰጣቸው አይጦች ላይም ኬሞው እብጠቱን እንደሚገባው አላጠፋውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒት የሚገድለው እሳት አስነሥቶ ነው፤ ኩርኩሚን በትንሽ መጠን ያንን እሳት ያጠፋል። ስለዚህ አገር ቤት ጥቁር አንበሳ ወይም ሌላ ቦታ ኬሞ የምትወስድ እናት ወይም እህት ካለቻችሁ እንክብሉን ከመላካችሁ በፊት ለሐኪሟ ይነገር።

ሌላም አለ። ባንግላዴሽ ውስጥ ዱቄቱ ደማቅ ቢጫ እንዲመስል የእርሳስ ቀለም ይቀላቀልበት ነበር፤ እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ተበክሎ ተገኘ። መንግሥት ሻጮችን ከቀጣ በኋላ በ2021 ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም። ከልክ በላይ የሚያብረቀርቅ እርድ ካያችሁ ተጠራጠሩ፤ ሥሩን ገዝቶ ራስ መፍጨት የተሻለ ነው።

ነቀርሳ ለመከላከል የምትፈልግ ደግሞ እዚህ አገር አፍ ውስጥ የሚደረገውን ሸማ የሚባል ትምባሆ አትንካ። (የሀበሻ ሸማ ማለቴ አይደለም!) የአፍ ነቀርሳ ያመጣል፤ እርድ ከሚያደርገው ሁሉ ይህን መተው ይበልጣል።

እብጠት ያገኘች ምን ታድርግ?

በመጀመሪያ አትደንግጥ። አብዛኛው የጡት እብጠት ነቀርሳ አይደለም። ግን ይህን በእጅ ዳስሶ መለየት አይቻልም፤ ማየት፣ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። የሚያጠራጥሩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ የማያምም ጠንካራ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ጫፉ ወደ ውስጥ መግባት፣ ደም ያለበት ፈሳሽ፣ ብብት ሥር የሚዳሰስ ንፍፊት። የማያምም ስለሆነ ብላችሁ አትተዉት፤ ብዙ ጊዜ ሰው የሚዘገየው ስለማያምም ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ቁጥር ያሳያል። የጡት ነቀርሳ ከያዛቸው ሴቶች ውስጥ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖሩት በበለጸጉ አገሮች ከመቶ ከ90 በላይ፣ በሕንድ 66፣ በደቡብ አፍሪካ 40 ናቸው። ነቀርሳው ያው ነው፤ የተለየው በጊዜ መገኘቱና ሕክምና መኖሩ ነው። እኛ አገር ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ወረፋው ብቻውን ሰውን ያሰለች ነበር። እዚህም ከ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ወዲህ ለአገሬው ሰው ራሱ ከባድ ሆኗል። ስለዚህ እብጠቱ ትንሽ ሳለ መታየት ለእኛ ለድሆቹ ይበልጥ ያስፈልገናል እንጂ አያንሰንም።

ማዳምን መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ብዙዎቻችን «ታማለች ብለው ይመልሱኛል» ብለን እንፈራለን። ብቻችሁን አትጠይቁ፤ ከእኛ አንዷ ዐረብኛ የምትችል አብራ ትደውል። ሴት ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም፣ እዚህ አገር የተለመደ ነው። ስትሄዱ የምትወስዱትን እንክብል ከነጠርሙሱ ያዙ። የሚከተሉትን ቃላት በቃላችሁ ያዟቸው፦

«አሽቲ ዶክቶራ» — ሴት ሐኪም እፈልጋለሁ።

«ዕንዲ ወረም ፊ ሰድሪ» — ጡቴ ላይ እብጠት አለ።

«ሚን አርባዕ ሹሁር» — ከአራት ወር ጀምሮ።

«ኣኹድ ሁቡብ ሁርድ» — የእርድ እንክብል እወስዳለሁ።

«አሽቲ ፈሕስ» — ምርመራ እፈልጋለሁ።